መልስ፦ ማይግሬን እያለብኝ የወሊድ መከላከያ እንክብል መቀጠል እችላለሁ?

እንክብልሽ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ካለበት አትቀጥዪው፤ በሌላ ይቀየርልሽ። ምክንያቱ የሕመሙ ብርታት አይደለም፤ ራስ ምታቱ ከመጀመሩ በፊት ለ20 ደቂቃ ያህል ይታየኛል ያልሽው የተሰባበረ ብልጭልጭ መስመር ነው። ሐኪሞች ኦራ ይሉታል። ኦራ ያለው ማይግሬንና ኤስትሮጅን ሲገናኙ በስትሮክ (ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሲቋረጥ በሚመጣ ሕመም) የመያዝ ዕድል ከፍ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም በዚህ ሁኔታ በየትኛውም ዕድሜ ኤስትሮጅን ያለበት እንክብል እንዳይወሰድ ይላል።

1. የእንክብሉን ማሸጊያ ተመልከቺ። «ኤቲኒል ኢስትራዲዮል» የሚል ከተጻፈበት ኤስትሮጅን አለው።

2. ማሸጊያውን ይዘሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ «ራሴን ያመኛል» ብለሽ ብቻ አትመለሺ። ብልጭታው በየትኛው ዓይን ወይም በየትኛው ወገን እንደሚጀምርና ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ንገሪያቸው። ይህን ካልሰሙ ያንኑ እንክብል ደግመው ሊሰጡሽ ይችላሉ።

3. በማኅፀን ውስጥ ስለሚቀመጠው፣ ሆርሞን ስለሌለው ሉፕ ጠይቂ፤ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውም ኤስትሮጅን የለበትም። እስኪቀየርልሽ በኮንዶም ተጠቀሙ።

በሥራዬ ደጋግሜ ስላየሁት አንድ ነገር አደራ ልበልሽ። ብዙ ሴቶች ማንኛውንም አዲስ ምልክት «ያው ማይግሬኔ ነው» ብለው ይተኛሉ። አንድ እጅሽ በድንገት ከዛለ፣ አፍሽ ከተጣመመ ወይም ንግግርሽ ከተሳሰረ የስትሮክ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ማስታገሻ ውጠሽ አትጠብቂ፤ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።