ወስዋስ፣ የማይፈለግ ሐሳብ፣ ጸበልና ክኒን፦ ጥያቄና መልስ

ደሴ የምሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ። ዶክተር አይደለሁም፣ መድኃኒትም አላዝም። አስቀድሜ ልናገር፦ የጀመራችሁትን ክኒን ሐኪም ሳታማክሩ አታቋርጡ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ እህቴ ለውዱእ (ከሶላት በፊት ለሚደረገው መታጠብ) ገብታ ሰዓት ትፈጃለች። «ክርኔ አልረጠበም» እያለች መልሳ ትታጠባለች። የመግሪብ ሶላት ያልፍባታል። ቤተሰቡ ጂን ነው ይላል።

መልስ፦ ይሄን ሳልዘረዝር አላልፍም፤ ስንቱ ቤት ውስጥ ተደብቆ አለ። ሳላያት መወሰን ባልችልም ነገሩ ኦሲዲ (የማይፈለግ ሐሳብ እየተመላለሰ አንድን ነገር ደጋግሞ የሚያስደርግ የአእምሮ ሕመም) ይመስላል። ጥርጣሬው ይመጣል፣ ትጨነቃለች፣ ትታጠባለች፣ ለትንሽ ጊዜ ቀለል ይላታል። ወጥመዱ ያ እፎይታ ነው። አእምሮዋ «የተረጋጋሁት ስለታጠብኩ ነው» ብሎ ይይዘዋል፤ በማግስቱ ጥርጣሬው ብሶ ይመጣል። እናንተም «ወላሂ ረጥቧል» እያላችሁ ስትምሉላት ዙሩን ታከሩታላችሁ።

ሕክምናው እ.ኤ.አ. 1966 ላይ ለንደን ውስጥ ቪክቶር ሜየር የሚባል ባለሙያ ካሳየው መንገድ የመጣ ነው። በባለሙያ እየታገዘች አንዴ ብቻ ታጥባ ትወጣለች። ክርኗ ደረቅ እየመሰላት ትሰግዳለች። ጭንቀቱ መጀመሪያ ይጨምራል፤ ከዚያ ሳትታጠብም ይበርዳል። ሸሆቹንም አማክሩ። ወስዋስ የበዛበት ሰው ጥርጣሬውን ትቶ እንዲያልፍ እነሱም ያስተምራሉ። ግን አንዴ ጠይቃ ይብቃት። በየቀኑ ፈትዋ ማስጠየቅ ከጀመረች ያው መታጠቡ ነው በሌላ መልክ የመጣው።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ ጭንቀት አለብኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከመቼ ጀምሮ? የት ስትሆን? ዝርዝሩን ጻፍልኝ።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ አራስ ነኝ። ቢላ ሳይ «ልጄን ብወጋውስ?» የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። ቢላዎቹን ለጎረቤት ሰጠኋቸው። ለማንም አልተናገርኩም።

መልስ፦ አብሽሪ፣ እህት ዓለም። እንዲህ ያለ ሐሳብ ብዙ እናቶች ላይ ይመጣል። የሚያስደነግጥሽ ስለማትፈልጊው ነው። ሐሳቡ መጣ ማለት ታደርጊዋለሽ ማለት አይደለም። ለባለቤትሽ ወይም ለእናትሽ ንገሪ፤ ባለሙያም ይይሽ። ድምፅ የሚያዝሽ ከሆነ፣ ወይም ልጁ ክፉ መንፈስ ነው ብለሽ ማመን ከጀመርሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ልጁን ሰው ይያዝልሽ፤ አንቺ ሰው ይዘሽ ያንኑ ቀን ሆስፒታል ግቢ።

አስተያየት (ከላስታ)፦ ይሄ ሁሉ እኮ በጸበል ይድናል!

አስተያየት (ከደሴ)፦ ወንድሜን ክኒኑን አስጥለውት ብሶበት ነው የመጣው።

አስተያየት (ከላስታ)፦ ያስጣለውን ሰው ውቀስ እንጂ ጸበሉን ለምን ትነካለህ?

አስተያየት (ከደሴ)፦ ጸበሉን ማን ነካ? እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው።

አስተያየት (ከቃሉ)፦ እኛም ጋ ዱዓ አድርገው «ክኒኑን ጣል» የሚሉ አሉ።

መልስ፦ ይብቃችሁ። አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ታማሚዎች መድኃኒታቸውን ከጸበል ጋር አብረው እንዲወስዱ መክረው ነበር። ይሄም ያው ነው። ተጠመቁ፣ ዱዓ አስደርጉ፣ ክኒኑንም ዋጡ። የታመመ ሰው ደግሞ በሰንሰለት አትሰሩ።

ጥያቄ (ከመርሳ)፦ ጫት ያሳብዳል?

መልስ፦ ሲበዛ እንቅልፍ ይነሳል፤ የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው ያባብስበታል። የታመመ ሰው አይቃም።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ለኦሲዲ ፍሎክሰቲን ከጀመርኩ ሦስት ሳምንቴ ነው። ለውጥ የለም። ላቁመው?

መልስ፦ አታቋርጥ ብያለሁ እኮ! ለኦሲዲ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ካስቸገረህ ላዘዘልህ ሐኪም ንገረው።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ ጭንቀቴን አልመለሱልኝም።

መልስ፦ ዝርዝሩን ጻፍ አልኩህ፣ አልጻፍክም።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ ሚኒባስ ውስጥ ልቤ ድንገት ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ የምሞት ይመስለኛል። ተመርምሬ ልብህ ደህና ነው ተባልኩ። አሁን በእግሬ ነው የምሄደው።

መልስ፦ እንዲህ ጠይቀኝ! ፓኒክ (ድንገት የሚነሳ ከባድ የፍርሃት ስሜት) ይመስላል። ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ጫፍ ይደርስና ይወርዳል፤ አይገድልም። ከሚኒባሱ በወረድክ ቁጥር ግን ያመለጥከው ስለወረድክ ይመስልሃል። ልክ እንደ ውዱኡ። ነገ ከሰው ጋር አጭር መንገድ ተሳፈር። ሲመጣብህ አትውረድ፣ እስኪያልፍ ተቀመጥ። ብቻህን ካቃተህ ባለሙያ ጋ ሂድ።