መሣሪያህን ሳይሆን አየሩን ጠርጥር

ወንድሜ፣ የፒ3ኤችቲ (ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፖሊመር ነው) ስስ ፊልምህ በማግስቱ ስትለካው ከረንቱ አምስት እጥፍ ሆነብህ፤ መሣሪያው ነው ወይስ ፖሊመሩ የተበላሸው ብለህ ጠይቀሃል። መጀመሪያ ፊልሙ የት እንዳደረ ንገረኝ። ጠረጴዛ ላይ ክፍቱን ካደረ ኦክስጅን ነው የምልህ።

እኔም ጋ ደርሷል። ከአንድ ብልቃጥ ሦስት ናሙና ስፒን ኮት አደረግኩ፣ ማለትም ፈሳሹን እያሽከረከርኩ በስሱ ዘረጋሁት። አንዱን ወዲያው ለካሁት፣ ሁለተኛውን ናይትሮጅን ውስጥ አሳደርኩት፣ ሦስተኛው ክዳን የሌለው ሳህን ላይ ተረስቶ አደረ። ጠዋት የናይትሮጅኑ እንደ ትናንቱ ነው፣ የተረሳው ግን ከረንቱ ሽቅብ ወጥቷል። እሱኑ ናይትሮጅን ውስጥ በ120 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት አሙቄ፣ አቀዝቅዤ እንደገና ስለካው ወረደ። እዚህ ላይ ልብ በል፦ ማሞቅ የፖሊመሩን ሰንሰለቶች ስለሚያደራጅ ከረንቱን መጨመር ነበረበት። ከወረደ ቻርጁ ራሱ ቀንሷል ማለት ነው።

ነገሩ ዶፒንግ ነው፣ ባዕድ ነገር ገብቶ ቻርጅ ተሸካሚውን ሲያበዛ ማለት ነው። ኦክስጅን ከፖሊመሩ ኤሌክትሮን ይስባል፣ በቦታው ሆል (እንደ ፖዘቲቭ ቻርጅ የሚንቀሳቀስ የኤሌክትሮን ክፍተት) ይቀራል፣ ፒ3ኤችቲ ደግሞ በዋናነት የሚያስተላልፈው በሆል ነው። በ1977 እነ ሺራካዋ፣ ማክዲያርሚድና ሂገር ፖሊአሴቲሊንን በአዮዲን ትነት ጥሩ አስተላላፊ ያደረጉት በዚሁ መንገድ ነው፤ በ2000 የኬሚስትሪ ኖቤል አግኝተውበታል። ብርሃን ከተጨመረበት ግን ሌላ ጣጣ ነው። ኦክስጅንና ብርሃን አንድ ላይ ሰንሰለቱን ራሱን ያበላሹታል፣ ሐምራዊው ቀለም እየደበዘዘ ይሄዳል፣ ያ በማሞቅ አይመለስም። ስለዚህ ናሙናህን ጨለማ ውስጥ አስቀምጥ፣ ስትለካም ሸፍነው።

ሞቢሊቲ (ቻርጁ በፊልሙ ውስጥ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚንቀሳቀስ) ላወጣ ነው ያልከው ነው ይበልጥ ያሳሰበኝ። ከረንትና ቮልቴጁን በሎግ-ሎግ (ሁለቱንም በሎጋሪዝም) ስትስለው ዝንባሌው 1 የሆነበት ክፍል ኦሚክ ነው፣ ከረንቱ ከቮልቴጁ ጋር እኩል የሚያድግበት፤ ሞቢሊቲውን የምታወጣበት የሞት-ገርኒ ቀመር የሚሠራው ወደ 2 ሲደርስ ነው። አየር ያገኘው ፊልም ላይ ኦሚኩ ክፍል ይረዝማል፣ ብዙ ሰው እዚያው ላይ ቀመሩን ይጭንና የማይሆን ቁጥር ይዞ ይወጣል። ውፍረቱንም በግምት አትሙላ። በቀመሩ ውስጥ በሦስተኛ ኃይል ነው የሚገባው፤ 100 ናኖሜትሩን 110 ብለህ ከሞላህ ሞቢሊቲህ 33 በመቶ ያብጣል።

ኤሌክትሮድህ አሉሚኒየም ከሆነ እሱም አየር ላይ ኦክሳይድ ይሠራል፣ ያኛው ግን ከረንት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

እስቲ አንድ አዲስ ናሙና ሠርተህ በዚያው ቀን ጨለማ ውስጥ ለካና ሎግ-ሎጉን እዚህ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን።