ዓሣ መሳይ ሮቦት መሥራት ለምትመኙ

ልጆቼ፣ ባሕር ዳር ላይ ፈሳሽ ሜካኒክስ ሳስተምር ሸበትኩ። በየዓመቱ አንድ ሁለት ተማሪ «ጋሼ፣ እንደ ዓሣ የሚዋኝ ሮቦት መሥራት እፈልጋለሁ» እያለ ይመጣ ነበር። ደስ ይለኛል። ወሬው ግን ሁሉ ስለ ሞተሩና ስለ ሶፍትዌሩ ነው፤ ውሃውን የሚያነሳ የለም።

እስቲ በበጋ፣ ግልገል ዓባይ ሲጠራ፣ ወራጁ ውሃ ውስጥ ዱላ ትከሉና ከጀርባው ያለውን ተመልከቱ። አዙሪቶች በግራና በቀኝ እየተፈራረቁ ይለቀቃሉ። መካከላቸው ያለው ውሃ ይዘገያል፤ ዱላውም ውሃው ወደሚፈስበት ይገፋል። ዓሣ ጭራውን ሲመታም አዙሪት በተራ ይለቃል፤ የእሱ ግን የሚሽከረከረው በተቃራኒው ነው። ስለዚህ መካከል ያለው ውሃ ፈጥኖ ወደ ኋላ ይወረወራል፣ ዓሣው ወደ ፊት ይሄዳል። ጉድ የሚያሰኘው ደግሞ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ትራውት የሚባል ዓሣ ሞቶ፣ ወራጅ ውሃ ውስጥ ከሲሊንደር ጀርባ ሲደረግ፣ አዙሪቶቹ ሰውነቱን እያወዛወዙት ሽቅብ እንደተጓዘ አሳይቷል። ነፍስ የለው፣ ሞተር የለው!

ሂሳቡ አይከብድም። ጭራው በሰከንድ ስንቴ እንደሚመታ፣ ከዳር ዳር በሚሄደው ርቀት አባዙና ዓሣው ለሚዋኝበት ፍጥነት አካፍሉት። በሰከንድ 4 ጊዜ እየመታ፣ ጭራው 6 ሳንቲ ሜትር እየተወዛወዘ፣ በሰከንድ 80 ሳንቲ ሜትር የሚሄድ ዓሣ 0.3 ይወጣዋል። ስትሩሃል ቁጥር ይባላል፤ ዓሦችና ዶልፊኖች ዘና ብለው ሲጓዙ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.4 ውስጥ ናቸው። ለመለካት የስልክ ካሜራና ማስመሪያ ይበቃል።

አዲስ የተፈለፈለችውን የዓሣ ጫጩት ግን በዚህ አትመዝኗት። 5 ሚሊ ሜትር ሆና በሰከንድ 1 ሳንቲ ሜትር ስትሄድ ሬይኖልድስ ቁጥሯ፣ ማለትም ግስጋሴዋ ከውሃው ዝልግልግነት አንጻር ምን ያህል እንደሚያይል የሚያሳየው ቁጥር፣ 50 ገደማ ነው፤ 30 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በሰከንድ 80 ሳንቲ ሜትር የሚሄድ ዓሣ ግን ከ200,000 ይበልጣል። ለእሷ ውሃው ማር ነው፤ መምታት ስታቆም ወዲያው ትገታለች።

ሲሙሌሽን፣ የውሃውን ፍሰት በኮምፒውተር አስመስሎ ማስላት፣ አትንኩ አላልኩም። ብቻ ኮምፒውተር የተሳሳተ ቁጥር ብትሰጡትም ያማረ ቀለም እንደሚስልላችሁ እወቁ፤ የለካችሁት ነገር ከሌለ በምን ታመሳክሩታላችሁ?

ክረምት ሲገባ የጣና ባርበስ ለመራባት ወንዞቹን ሽቅብ ይወጣል፤ ግልገል ዓባይ አንዱ ነው። የመስኖ ግድብ የሚነድፍ መሐንዲስ ይህ ዓሣ ምን ያህል ፍጥነት ያለውን ውሃ ተቋቁሞ እንደሚያልፍ ማወቅ አለበት። ይህን ለክቶ የሚመጣ ካለ፣ ጡረታ ብወጣም የመመረቂያ ጽሑፉን ቁጭ ብዬ አርምለታለሁ።