የፓይን ደን ጥናት ለአገሬ ይጠቅማል ወይ? ለአንድ የደን ባለሙያ የተሰጠ ምላሽ

ይድረስ ለጠያቂያችን፤

በላኩልን ደብዳቤ፣ ከወንዶ ገነት በደን ሳይንስ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቀው ሦስት ዓመት በአንድ የደን ድርጅት በተከላና በደን ቆጠራ ሥራ መቆየትዎን፣ አሁን ደግሞ በአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ከሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ ሙሉ ድጋፍ እንደቀረበልዎ ገልጸዋል። የጥናቱ ርዕስ ለጣውላ የሚተከል የፓይን ደንን በማዳበሪያ፣ በአረም ቁጥጥርና በማሳሳት (ከመካከል አንዳንድ ዛፎችን ቆርጦ በማውጣት) በተጠናከረ ሁኔታ መንከባከብ ነው። በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ ባለ አንድ የካርቦን ፕሮጀክት ጥሩ ደመወዝ ያለው ሥራ ስለተገኘ መወሰን አቅቶዎታል። ጥያቄዎን በራስዎ ቃል ላስቀምጠው፦ «የአሜሪካን ጥድ በማዳበሪያ ሳሳድግ ቆይቼ ስመለስ ለአገሬ የማይሆን ባለሙያ ሆኜ አልቀርም ወይ?»

አስተያየቴን ላለማድበስበስ ከፊት አስቀምጠዋለሁ። ትምህርቱን ቢቀበሉ ይሻላል እላለሁ፤ ነገር ግን ከመቀበልዎ በፊት አማካሪ የሚሆኑዎትን ፕሮፌሰር ከዚህ በታች የማነሣቸውን ጥያቄዎች መጠየቅና መልሳቸውን በጽሑፍ መያዝ ይኖርብዎታል። መልሱ የማያጠግብ ከሆነ የአዲስ አበባው ሥራ ይበልጣል።

አስቀድሞ ስለ አንድ ቃል። እርስዎ «ጥድ» ብለው የጻፉት ዛፍ በደጋው ገበሬ ዘንድ ሌላ ነው። ጥድ ሲባል የሀበሻው ጥድ ይታሰባል፣ የፈረንጅ ጥድ ሲባል ደግሞ ከውጭ የገባው ኩፕሬሰስ ነው። ፓይን ከሁለቱም የተለየ፣ ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነና በእሽግ የሚበቅል ዛፍ ሲሆን፣ በእኛ አገር በብዛት የተተከለው ዝርያ በሠራተኛው አፍ «ፓቱላ» የሚባለው ነው። በአሜሪካ ደቡብ የሚያጠኑት ግን ሎብሎሊ የሚባለውን ይሆናል። ይህን የማነሣው ለቃላት ጥራት ብቻ አይደለም። የማመልከቻ ደብዳቤዎን በአማርኛ አስበው ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሱት ሦስቱ ዛፎች ተቀላቅለው አይቻለሁ፣ ያንን የሚያነብ የደን ሳይንቲስት ደግሞ ወዲያውኑ ያስተውለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ሥጋትዎ የመነጨው ጥናቱን እንደ አንድ የአሠራር መመሪያ፣ ማለትም «ይህን ያህል ማዳበሪያ፣ ይህን ያህል መድኃኒት፣ በዚህ ዓመት ቆረጣ» እንደሚል ወረቀት ከማየት ነው። መመሪያው ብቻ ቢሆን ኖሮ ሥጋትዎ ትክክል ይሆን ነበር። የአሜሪካ ደቡብ የፓይን ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በዚያ አካባቢ በእጅ የተተከለ የፓይን ደን ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በታች ነበር፤ ምዕተ ዓመቱ ሲያልቅ ወደ 13 ሚሊዮን ሄክታር ደርሷል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የአንድ ሄክታር ዓመታዊ ዕድገት ከእጥፍ በላይ ጨምሯል፣ ከተከላ እስከ ቆረጣ ያለው ዘመንም ከግማሽ በላይ አጥሯል። ለውጡን ያመጣው አንድ ግኝት አልነበረም። የተመረጠ ዘር፣ የችግኝ ጣቢያ ጥራት፣ የመሬት ዝግጅት፣ የአረም ቁጥጥርና ማዳበሪያ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረቡ ነው ያመጡት፤ የእያንዳንዱን ድርሻ ለይቶ ማወቅ የተቻለውም በአሥርት ዓመታት ልኬት ነው።

ሥራው የተመራበት መንገድ ለእርስዎ ከዛፉ በላይ ትምህርት ይሆናል። ብሩስ ዞበል የተባሉት የዛፍ ዘር ማሻሻያ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1956 በሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ በገበያ የሚፎካከሩ ድርጅቶች በየዓመቱ መዋጮ እየከፈሉ፣ መሬታቸውን ለሙከራ እየሰጡና ውጤቱን በጋራ እየተጠቀሙ የሚሠሩበትን የምርምር ኅብረት መሠረቱ። በ1967 በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የደን ማዳበሪያን ብቻ የሚያጠና ተመሳሳይ ኅብረት ተቋቋመ። በዚያ የባሕር ዳርቻ ባሉ ውኃ የሚያቁሩ አንዳንድ አፈሮች ላይ ፓይን ለዓመታት ቀጭጮ ይቀር ነበር፤ የጎደለው ፎስፈረስ መሆኑ ታውቆ በተከላ ጊዜ ትንሽ ሲጨመርለት ግን ዛፉ የተለየ ዝርያ እስኪመስል ድረስ አደገ። ከዚያ አልፎ ባለ አሸዋማ መሬት ላይ ያው መጠን ያንኑ ውጤት አይሰጥም። እንግዲህ ተመራማሪው የሚጠይቀው «ስንት ልጨምር?» ብሎ ሳይሆን «እዚህ ቦታ ዕድገቱን የያዘው ምንድን ነው?» ብሎ ነው።

ለዚህ ከሁሉ የምወደው ምሳሌ በሰሜን ካሮላይና ስኮትላንድ ካውንቲ በ1992 የተጀመረው ሙከራ ነው። መሬቱ ውኃ የማይዝ፣ ንጥረ ነገር የሌለው አሸዋ ሲሆን፣ በላዩ ወጣት የሎብሎሊ ፓይን ነበረበት። ማንም የግብርና ባለሙያ ቢያየው «ችግሩ ውኃ ነው» ይል ነበር። ተመራማሪዎቹ መሬቱን በመደብ ከፍለው ለአንዱ ምንም ሳይጨምሩ፣ ለአንዱ ውኃ ብቻ፣ ለአንዱ ማዳበሪያ ብቻ፣ ለአንዱ ሁለቱንም ሰጡ። ማዳበሪያው የቅጠሉን ብዛትና የግንዱን ዕድገት እጅግ ሲያሳድግ የውኃው ጥቅም ከዚያ በጣም ያነሰ ሆነ። ዛፉ በጥም ላይ እያለ እንኳን ዋናው ማነቆ ረሃቡ ነበር ማለት ነው። ይህ የአስተሳሰብ ሥርዓት ወደ ሙኔሳም ሆነ ወደ ሻሸመኔ ይዘውት ሊሄዱ የሚችሉት ነው፤ በኪሎ የተጻፈው የማዳበሪያ መጠን ግን ከአሸዋው ጋር እዚያው ይቀራል። የእኛ ደጋ ቀይ አፈር ፎስፈረስን አጥብቆ ስለሚይዝ ለእርሱ የሚሆነው መልስ በራሱ ሙከራ መገኘት አለበት።

መመሪያው ቋሚ አለመሆኑን እዚያው አሜሪካ ውስጥም ያያሉ። በ2008 አካባቢ የማዳበሪያ ዋጋ ሲወደድ በየዓመቱ ማዳበሪያ የሚሰጠው የደን ስፋት ቀነሰ፤ ከቤቶች ግንባታ ቀውስ በኋላ ደግሞ የቆመ የጣውላ ዛፍ ዋጋ ወርዶ፣ በመሬቱ ላይ የተከማቸው ዛፍ ከፍላጎቱ ስለበለጠ፣ ለረጅም ጊዜ ሳያንሠራራ ቆየ። በዚህ ምክንያት «ምርቱን ጨምር» የሚለው ጥያቄ ብቻውን በቂ መሆኑ አብቅቶ የእንጨቱ ጥራት ወደ ፊት መጣ። ፓይን በልጅነቱ የሚያበጀው፣ በግንዱ መሐል ያለው እንጨት ቀላልና ደካማ ነው፣ ሲደርቅም ይጣመማል። ዛፉን በፍጥነት አሳድጎ በ20 እና በ25 ዓመት መካከል የሚቆርጥ ሰው የዚህ ልጅ እንጨት ድርሻ የበዛበት ግንዲላ ወደ መሰንጠቂያ ይልካል። በጁን 2013 በአሜሪካ የደቡብ ፓይን ጣውላ በምሕንድስና ስሌት እንዲሸከም የሚታሰብለት ጭነት ዝቅ ተደርጎ በሥራ ላይ ሲውል፣ ከተነሡት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር። ስለዚህ የእርስዎ የጥናት ርዕስ ማዳበሪያን ብቻ ሳይሆን የእንጨቱን ክብደትና ጥንካሬ አብሮ የሚለካ ቢሆን ዋጋው በብዙ ይጨምራል፤ በእኛም አገር ጣውላ ገዢው ስለ መጣመም እንጂ ስለ ዓመታዊ ዕድገት ሲያማርር አልሰማሁም።

ለፕሮፌሰሩ የሚጽፏቸው ጥያቄዎች እነዚህ ይሁኑ። አንደኛ፣ የምሠራበት ሙከራ ከስንት ዓመት በፊት የተጀመረ ነው? የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በሁለት ዓመት ዛፍ ሊያሳድግ አይችልም። ቀድሞ የተለካ የ10 ወይም የ15 ዓመት መረጃ ላይ ካልተመሠረተ ጽሑፍዎ የችግኝ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛ፣ መረጃውን በስሜ እንዳሳትም የኅብረቱ አባል ድርጅቶች ይፈቅዳሉ? መዋጮ የሚከፍሉ ድርጅቶች ባሉበት ምርምር ይህን አስቀድሞ ማወቅ ነውር የለበትም። ሦስተኛ፣ የዕድገት ሞዴል መሥራትና የስታቲስቲክስ ፕሮግራም መጻፍ ከጥናቱ ጋር ተያይዞ የምማረው ነው ወይስ በግሌ የምጨምረው? አራተኛው ስለ ገንዘብ ሲሆን፣ ድጋፉ የትምህርት ክፍያን፣ የወር አበልንና የጤና መድንን እንደሚሸፍን፣ የክረምት ወራትንም (ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለውን ጊዜ) እንደሚጨምር በግልጽ ይጠይቁ። የመስክ ሥራው የሚበዛው በክረምት ወራት ስለሆነ በዚያ ጊዜ አበል የማይከፍል ውል አያዋጣም።

ሦስተኛውን ጥያቄ ትንሽ ላብራራው፤ ምክንያቱም ከዛፉ ዝርያ ነጻ የሆነው ችሎታዎ እርሱ ነው። ሎብሎሊን የሚያውቅ ሰው ፓቱላን አያውቅም፤ ከተደጋጋሚ ልኬት የዕድገት ስሌት ማውጣት የሚችል ሰው ግን ሁለቱንም፣ ባሕር ዛፍንም፣ በሚያስገርም ሁኔታ ያንን የሚተዉትን የካርቦን ፕሮጀክት ጭምር ያገለግላል። የካርቦን ሒሳብ መነሻው የዛፍ ውፍረትና ቁመት ነውና።

እዚህ ላይ የራሴን አንድ ገጠመኝ ላስገባ። ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት በደን ሥራ ላይ ሳለሁ፣ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ድርጅት ውስጥ በዕቅዱ መሠረት መሳሳት ከነበረበት ከብዙ ዓመት በኋላ ያልተሳሳ የፓቱላ ደን ገጥሞኝ ነበር። ዛፎቹ እንደ አጣና ቀጥነው፣ አንገታቸው ላይ ብቻ ቅጠል ይዘው ቆመዋል። የከፋው ግን ይህ አልነበረም። በደኑ ውስጥ ቀለም የተቀቡ የድሮ የሙከራ መደቦች ምልክት ቢታይም የልኬቱ መዝገብ የት እንደገባ የሚያውቅ ሰው አጣሁ። ብዙ ጊዜ ጥናት የጎደለን ሳይሆን የተጀመረውን የሚቀጥል ሰው የጎደለን ይመስለኛል። በቀድሞዋ ስዋዚላንድ በኢስዋቲኒ፣ ኡሱቱ በሚባለው ደን፣ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአንዱ ቦታ ላይ ፓቱላ ተቆርጦ እንደገና ሲተከል ምርቱ ይቀንስ እንደሆነ በትውልድ ተቆጥሮ ተለክቷል፤ ምርቱ ፎስፈረስ ከጎደለው ትንሽ ክፍል በስተቀር በአብዛኛው እንዳልቀነሰ የታወቀው መዝገቡን የጠበቀ ሰው በመኖሩ ነው። ለማስተርስ ሥራዎ የሚያነቧቸውን ጽሑፎች ሲመርጡ ከአሜሪካዎቹ ጎን ይህንንና የደቡብ አፍሪካን የፓቱላ ጥናቶች እንዲያካትቱ አሳስባለሁ፤ ሲመለሱ የሚገጥምዎ ዛፍ እርሱ ነውና።

ስለ ሥራ ዕድል ባጭሩ። በአሜሪካ ደቡብ ትልልቆቹ ቀጣሪዎች እንደ ዌየርሃውዘርና ራዮኒየር ያሉ የደን መሬት ባለቤቶች፣ ለኢንቨስተሮች ደን የሚያስተዳድሩ ድርጅቶችና አማካሪ ባለሙያዎች ናቸው። በተማሪ ቪዛ የተመረቀ ሰው በሙያው 12 ወር እንዲሠራ ሊፈቀድለት ይችላል፤ የትምህርት ዘርፉ በመንግሥት የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዝርዝር ከተመዘገበ 24 ወር ሊታከል ስለሚችል፣ የሚገቡበት ፕሮግራም በየትኛው መለያ እንደተመዘገበ ከዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ጽሕፈት ቤት አሁኑኑ ያረጋግጡ። በአገር ቤት ደግሞ ወንዶ ገነት ራሱ፣ የኢትዮጵያ ደን ልማት የምርምር ማዕከላትና የክልል የደን ድርጅቶች አሉ። ደመወዛቸው ከካርቦን ፕሮጀክት እንደሚያንስ እርስዎም ያውቁታል፤ ይህን ልሸፍንልዎ አልፈልግም።

ከመሄድዎ በፊት ሊያዘጋጁት የሚገባ ጥቃቅን ነገር አለ። የመንጃ ፈቃድ ያውጡና ይለማመዱ፤ የሙከራ ቦታዎቹ ከዩኒቨርሲቲው የሰዓታት መንገድ ይርቃሉ፣ መኪና የማይነዳ ተማሪም ሸክም ይሆናል። በሄክታርና በሜትር ማሰብ ለምደዋልና ኤከርንና ጫማን መለማመድ ይጀምሩ። እኛ የዛፍን ውፍረት ከመሬት 1.30 ሜትር ላይ ስንለካ እነርሱ 1.37 ሜትር ላይ እንደሚለኩም ያስታውሱ፤ የሁለቱን አገር መረጃ ሳያስተካክሉ ያነጻጸሩ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ለፕሮፌሰሩ የሚጻፈውን ደብዳቤ በዚህ ሳምንት ይላኩ። የመጸው ትምህርት ድጋፍን በተመለከተ ብዙዎቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አመልካቹ ከኤፕሪል 15፣ ማለትም ከሚያዝያ 7 በፊት መልስ እንዲሰጥ ላለማስገደድ ተስማምተዋል፤ የእርስዎ ዩኒቨርሲቲ ከነዚህ አንዱ መሆኑን አይተው ከሆነ እስከዚያ ጊዜ አለዎት። ለካርቦን ፕሮጀክቱም ዝም ከማለት ይልቅ የሁለት ሳምንት ጊዜ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። የፕሮፌሰሩ መልስ ሲመጣ፣ በተለይ ሁለተኛውን ጥያቄ እንዴት እንደመለሱት፣ ቢልኩልኝ አብረን እንመለከተዋለን።