ሆንግ ኮንግ ላይ መጀመሪያ የዘንዶውን ጅራት ፈልጊ

እህቴ፣ ለትምህርት ወደ ሆንግ ኮንግ ልትሄጂ ነው። «ለሰልፍ የትኞቹ የካንቶንኛ ቃላት ያስፈልጉኛል?» ብለሽ ጠይቀሻል። እዚያ ስለኖርኩ ከደረሰብኝ ልንገርሽ።

መሰለፍ «ፓይ ዶይ» ነው። «ፓይ» መደርደር ሲሆን «ዶይ» ለጦር ሠራዊትም ለኳስ ቡድንም የሚሆን ቃል ነው። የእኛም «ሰልፍ» ድሮ የጦርነት ቃል ስለነበር ቶሎ ገባኝ። ከሱ በፊት ግን «ሉንግ ሜይ»ን ያዢ፣ የዘንዶ ጅራት ማለት ነው። ረጅም ሰልፍ እዚያ ዘንዶ ነው። እኛ «መጨረሻው ማነው?» ብለን ሰውየውን እንፈልጋለን። እነሱ ቦታውን ነው የሚጠይቁት፦ «ምጎይ፣ ሉንግ ሜይ ሃይ ቢንዶው አ?» የዘንዶው ጅራት የት ነው ማለት ነው። «ምጎይ» እባክዎ፣ ይቅርታም፣ ምስጋናም ይሆናል።

ይህን ሳላውቅ ኮውሉን በሚባለው የሆንግ ኮንግ ክፍል ሚኒባስ ልይዝ ሄድኩ። ሰልፉ አንድ ሕንፃ በር ጋ ተቋረጠ፤ እኔም ያለቀ መስሎኝ ቆምኩ። ለካ ሰልፉ መግቢያውን እንዳይዘጋው ቦታ ክፍት ትተው ነው፣ ሰልፉ ከበሩ ወዲያ ይቀጥላል። አንዲት እናት «ዳ ጂም!» አሉኝ። ወረፋ ሳይጠብቁ መሃል መግባት ማለት ነው። በጣም አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ጅራቱ ላይ የቆመ የሚመስለውን ሰው ሁሌ እጠይቃለሁ፦ «ኔይ ሃይማይ ፓይ ጋን ዶይ አ?» ተሰልፈህ ነው ወይ እንደማለት።

«ጋን» መሃል መግባቷን ልብ በዪ። እየሆነ ያለን ነገር ታሳያለች፤ ቃሉን ለሁለት ትከፍለዋለች እንጂ ከኋላው አትመጣም። ሰዓቱም እንዲሁ መሃል ይገባል። ግማሽ ሰዓት ከተሰለፍሽ «ፓይ ጆ ቡን ጎ ጁንግ ዶይ» ትያለሽ። እኔን ብዙ ያለማመደኝ ይሄ ነው።

ቦታ ጠቦ ሰልፉ እንደተጠቀለለ እባብ ሲደራረብ «ዳ ሴ ቤንግ» ይባላል፤ «ሴ ቤንግ» ቃል በቃል የእባብ ቂጣ ነው። እዚህ ጋ ጅራቱ ከጭንቅላቱ አጠገብ ሊሆን ስለሚችል ሳትጠይቂ አትቁሚ። ምግብ ቤት ቁጥር መውሰድ «ሎ ቻው» ነው፤ «ዳፕ ቶይ» ካሉሽ ከማታውቂው ሰው ጋር አንድ ጠረጴዛ ልትጋሪ ነው፣ አትደንግጪ።

ድምፁን በፊደላችን ጻፍኩልሽ፣ ቃናው (የድምፁ መውጣትና መውረድ) ግን 6 ዓይነት ነው። «ዶይ» ላይ ስትጠይቂ እንደምታደርጊው ድምፅሽን ወደ ላይ አንሺ፤ «ጂም» ላይ ከፍ አድርገሽ ሳታወዛውዢ ያዢው።