ዘሩን ብርድ መትቶት ነው

እህቴ፣ «የኮርማ ዘር ላይ ኡዋባይን ጨምሬ የሶዲየም ፖታሲየም ፓምፑን ልዘጋ ሞከርኩ። የጨመርኩበትም ያልጨመርኩበትም እኩል ቆመ፤ ምን አጥፍቼ ነው?» ብለሻል። (ለማያውቅ፦ ፓምፑ የሴሉ ሽፋን ላይ ያለ ፕሮቲን ነው፤ ኡዋባይን ደግሞ እሱን የሚዘጋ መርዝ።) እኔም ላይ የደረሰው ቁርጥ ይኸው ነው። ሰባት ወር አቃጥሎብኛል።

1ኛ. ባፈሩን፣ ማለትም ዘሩን የምናቀጥንበትን ፈሳሽ፣ ከፍሪጅ እንዳወጣሽ ነው የጨመርሽው አይደል? እኔም እንደዚያው ነኝ። መጀመሪያ ያልቀጠነውን ጠብታ ስላይድ ላይ አየሁት። ነፋስ እንደሚያወዛውዘው የጤፍ ማሳ ይናወጣል። ደስ አለኝ። ከዚያ 4 ዲግሪ የሆነውን ባፈር ቸለስኩበትና መድኃኒቱን ጨመርኩ። ተመልሼ ሳይ ግማሹ ቀጥ ብሏል፤ የቀረው ጭራውን ቆልምሞ አንድ ቦታ ላይ ይሽከረከራል። «ሠራ!» ብዬ ለአማካሪዬ ደወልኩ። ስልኩን ዘግቼ ኮንትሮሉን፣ መድኃኒት ያልገባበትን፣ ሳየው ያው ነው። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ኡዋባይኑ አለቀ።

ገላጋይ የሆኑኝ ዘር የሚሰበስቡልን ሽማግሌ ናቸው። ጠርሙሱን በእጃቸው ዳሰስ አደረጉና «ልጄ፣ ይሄማ ብርድ መትቶት ነው» አሉኝ። ያን ሁሉ ጽሑፍ ያነበብኩት እኔ ነኝ እንግዲህ።

ፓምፑ በአንድ ኤቲፒ (የሴሉ ነዳጅ) 3 ሶዲየም አውጥቶ 2 ፖታሲየም እንደሚያስገባ ታውቂያለሽ። በብርድ ግን ሥራውን ያቆማል ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ ድንገተኛ ብርድ የሽፋኑን ስብ እንደ ቅቤ ያረጋዋል፤ ሽፋኑ ማፍሰስ ይጀምራል። ሶዲየም ይገባል፣ ፖታሲየም ይወጣል። ካልሲየምም ይገባል፤ እሱን የሚያስወጣው ፓምፕም ደክሟል። ያ መሽከርከር የካልሲየም መብዛት ነው። በኋላ ብታሞቂው አይመለስልሽም። ኡዋባይኑ የሚዘጋው ፓምፕ አላገኘም፤ ብርዱ ቀድሞታል።

ስለዚህ ዘሩንም ባፈሩንም አንድ ወተር ባዝ (የሞቀ ውኃ መዘፍዘፊያ) ውስጥ አስቀምጪ፤ ሁለቱም 37 ዲግሪ ሲሞሉ ቀላቅይ። በቴርሞሜትር ለኪ። የሽማግሌው እጅ የለንም።

2ኛ. መጠኑን ከአይጥ ጥናት አትገልብጪ። ፓምፑ ዓይነቶች አሉት፤ የአይጥ አልፋ 1 የሚባለው ኡዋባይንን ይቋቋማል፤ ስፐርም ላይ ያለው አልፋ 4 ግን በትንሽ መጠንም ይዘጋል። ስለዚህ አይጥ ላይ ሁለቱን መለየት ይቻላል። የከብት አልፋ 1 ግን ራሱም በትንሽ መጠን የሚሸነፍ ነው። ባፈርሽ ውስጥ ፖታሲየም ከበዛ ደግሞ ኡዋባይኑ በደንብ አይጣበቅም። እንቅስቃሴን ብቻም አትቁጠሪ፤ በኮርማ ስፐርም ላይ ኡዋባይን ካፓሲቴሽን፣ ማለትም ስፐርሙ እንቁላል ለማዳበር መዘጋጀቱን፣ እንደሚቀሰቅስ ታይቷል። ጓንት አትርሺ፣ የልብ መርዝ ነው።

በነገራችን ላይ ስሙ የመጣው ዋባዮ ከሚለው ሶማሊኛ ነው፤ የቀስት መርዝ ማለት ነው። የሚገኘውም ከእኛው ምሬንዝ ነው። ደጃችን ላይ የሚበቅል ዛፍ! እኔ ግን ላለቀችብኝ ለዚያች ብልቃጥ ምትክ አምስት ወር ጠበቅኩ። የግዢ ክፍሉ ሰውዬ «መርዝ ነው ካልክ እንዴት እፈርምልሃለሁ?» አለኝ። ማስረዳት ስጀምር ምሳ ሰዓት ሆነ።

3ኛ. የዘር ፈቃድ ደብዳቤ። ሦስት ሳምንት ደጅ ጠንቻለሁ። አንዴ ኃላፊው የሉም፤ አንዴ ማኅተሙ ደብዝዟል። አንዷ ጸሐፊ ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት «የኮርማ ዘር ለምንህ ነው?» ብላ አሳቀችብኝ። ሁለት ኦሪጂናል አስፈርሚ፤ ሌላ ምክር የለኝም።

በመጨረሻ ባፈሩን አሙቄ ስሠራ ኮንትሮሉ ቀጥ ብሎ ይዋኛል፣ መድኃኒት ያገኘው ከሱ ይለያል። የመመረቂያ ጽሑፌን ስከላከል ያንን ቪዲዮ አሳየሁ። አንዱ ፈታኝ «ይደገም» ብለው አስደግመውኛል፤ ለማየት ያህል ነው።

ቴርሞሜትር ከሌለሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ሁለት አለኝ።