ስለ መናገርና ስለ መሰለፍ መብት፦ ጠይቁ፣ የምችለውን እመልሳለሁ

በጎጃም ፍርድ ቤቶች በጥብቅና ሥራ የቆየሁ ሰው ነኝ። ስለ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 እና 30 የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ስለበዙ ዛሬ በአንድ ላይ ልመልስ ተቀምጫለሁ። ስትጠይቁ ማን፣ የት፣ መቼ፣ በጽሑፍ ወይስ በቃል እንደሆነ ግለጹ። ያለዚያ መልሴ አይጠቅማችሁም።

ነዋሪ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በከተማችን የመጠጥ ውኃ ከጠፋ ሰነባብቷል። ሰልፍ ልናደርግ ብለን ብንጠይቅ «ፈቃድ አልተሰጣችሁም» ተባልን። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ሕጉ ፈቃድ ጠይቁ አይልም። ሥነ ሥርዓቱን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 3/1983 ነው። አዘጋጆቹ ሰልፉ ከመደረጉ ከ48 ሰዓት በፊት ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ማሳወቅ አለባቸው፤ ግዴታቸው ይኸው ነው። ዓላማውን፣ ቦታውንና መነሻ መድረሻውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የአዘጋጆቹን ስምና አድራሻ ጻፉ። አስተዳደሩ ቦታው ወይም ጊዜው ይለወጥ ብሎ ሐሳብ ማቅረብ ይችላል፤ ግን ምክንያቱን ጠቅሶ፣ በጽሑፍ፣ ማስታወቂያው በደረሰው በ12 ሰዓት ውስጥ መሆን አለበት። «በየትኛውም ቦታ፣ በየትኛውም ጊዜ አይደረግም» ማለት አይችልም።

አሁን ዋናውን ልብ በሉ። ማስታወቂያውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፤ ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀን፣ ሰዓትና ማኅተም አስደርጋችሁ ይዛችሁ ውጡ። ሰዓቱ ካልተጻፈበት 48ቱም ሆነ 12ቱ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር ማስረዳት አትችሉም። መዝገብ ቤቱ አልቀበልም ካለ በሪኮማንዴ ፖስታ ላኩና ደረሰኙን አስቀምጡ። በቃል የተነገራችሁን ክልከላ ይዛችሁ ፍርድ ቤት ብትመጡ ዳኛው የሚያየው ነገር የለም።

ሌላ ጠያቂ፦ ፈቃዱ ለመውጣት ስንት ቀን ይፈጃል?

መልስ፦ ከላይ ያለውን ያንብቡ። ፈቃድ የለም።

ገበሬ ከቢቸና አካባቢ፦ መሣሪያ ሳይዙ ነው የሚለው ሕጉ። ሕጋዊ ወረቀት ያለው ጠመንጃስ? ዱላስ?

መልስ፦ አንቀጽ 30 መሣሪያ ሳይዙ በሰላም ይላል፤ ወረቀት ያለውን ከሌለው አይለይም። ጠመንጃው ቤት ይቅር። ዱላውም ቢቀር ይሻላል።

ከደጀን፦ ጋሼ፣ ዱላ እኮ ለጎጃሜ መሣሪያ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ስንሳለም፣ ገበያ ስንወርድ፣ ለቅሶ ስንደርስ አብሮን ነው።

ከሞጣ፦ በሠርግ ላይ በዱላ ስንት ሰው እንደተፈነከተ እኔ ልንገርህ? መሣሪያ ነው።

ከደጀን፦ ድንጋይም ይፈነክታል። አስፋልቱን ይንቀሉት እንዴ?

መልስ፦ ወንድሞቼ፣ ይብቃ። ክርክሩ እዚህ ሲሆን ቀላል ነው። በሰልፉ ቀን አንድ የጸጥታ አባል ደንግጦ ዱላውን መሣሪያ ብሎ ቢያየው የሚወድቀው ልጅ የማናችንም ልጅ ነው። ዱላው ይቅር።

ተማሪ ከደብረ ማርቆስ፦ በፌስቡክ መንግሥትን መተቸት ወንጀል ነው?

መልስ፦ አይደለም። አንቀጽ 29 ሐሳብ በይዘቱና በሚያስከትለው አስተሳሰባዊ ውጤት ሊገታ አይገባም የሚል መርህ ይዟል። ገደቦቹም እዚያው ተጽፈዋል፦ የወጣቶች ደኅንነት፣ የሰው ክብርና መልካም ስም፣ የጦርነት ቅስቀሳ፣ ሰብአዊ ክብርን የሚነካ የአደባባይ ንግግር። አዋጅ ቁጥር 1185/2012ን ግን እወቀው። በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ጥላቻ ወይም ጥቃት ሆን ብሎ ማነሣሣት እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ያስቀጣል። ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተሠራጨ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ይደርሳል። ባለሥልጣኑን በሥራው ተቸው፤ ወገኑን አትንካ።

የእድር ጸሐፊ፦ የእድር ስብሰባም እናሳውቅ?

መልስ፦ አያስፈልግም። አዋጁ ስለ ሰላማዊ ሰልፍና ስለ ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ ነው።

ነጋዴ ከፍኖተ ሰላም፦ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅስ ይህ ሁሉ ምን ዋጋ አለው?

መልስ፦ ተገቢ ጥያቄ ነው። አንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜ የማይነኩትን ይዘረዝራል፤ አንቀጽ 1፣ 18፣ 25 እና የ39 ንዑስ 1 እና 2። የእኛዎቹ 29 እና 30 ከነዚህ ውስጥ የሉም፤ ስለዚህ ሊታገዱ ይችላሉ። በክልላችን በሐምሌ 2015 የታወጀውን ሁላችሁም ኖራችሁበታል፤ በጥር 2016 ለአራት ወር ተራዝሞ ነበር። አዋጁ የጊዜ ገደብ አለው፤ ቢበዛ ስድስት ወር፣ ከዚያ በየአራት ወሩ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማራዘም። ጊዜው ካለፈ በኋላ «አስቸኳይ ጊዜ ነው» የሚላችሁን ሰው በጽሑፍ ይስጠኝ በሉት።

ከዳንግላ፦ መብታችን ይከበራል ወይ?

መልስ፦ የትኛው መብት? የት? እንዲህ ላለ ጥያቄ መልስ የለኝም።

ከዳንግላ፦ ይቅርታ። ወንድሜ ጽሑፍ በትኖ ተይዞ ነው።

መልስ፦ ይህንን መጀመሪያ ብትለኝ! አንቀጽ 19 ላይ ያዝ። ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል፤ አልናገርም የማለት መብት አለው። ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው የመንገድ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት። ካልቀረበ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 177 መሠረት አቅርቡ። የተያዘበትን ሰዓትና ያዩትን ሰዎች ዛሬውኑ ጻፍ። ነገ ጠበቃ ጋ ሂድ፣ አትዘግይ።

መምህር፦ ሰልፍ አንፈልግም። የዘገየ ደመወዛችንን በፊርማ ልንጠይቅ ነው። ይህም ያስጠይቃል?

መልስ፦ እስከ አሁን ማንም ስላልጠየቀኝ አዝኜ ነበር። አንቀጽ 30 ከሰልፍ ጋር አቤቱታንም በአንድ አረፍተ ነገር ያስቀምጣል፤ ሰው ግን ይረሳዋል። በጎጃም ደግሞ ልንረሳው የማይገባ ነው። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲጣል ገበሬው መጀመሪያ ያደረገው ወኪሎቹን መርጦ አዲስ አበባ ድረስ ልኮ አቤት ማለት ነበር። የ1948ቱ ሕገ መንግሥትም ለንጉሠ ነገሥቱ አቤት ማለትን ፈቅዶ ነበር። ሰሚ ስለጠፋ ነገሩ ወደ ጠመንጃ ሄደ፣ ጦር ተላከ፣ ሰው አለቀ። በመጨረሻ አገረ ገዥው ከሥልጣን ተነሡ፣ ውዝፉም ግብር ተማረ። አቤቱታው በወቅቱ ተሰምቶ ቢሆን ያ ሁሉ ደም ባልፈሰሰ ነበር ብዬ አምናለሁ።

እናንተም ጻፉ። የስንት ወር ደመወዝ፣ የስንት መምህር፣ ከማን ምን ትጠይቃላችሁ፤ ከሁለት ገጽ አይብለጥ። ስድብና ፖለቲካ አታስገቡ። ፊርማው ከስምና ከትምህርት ቤት ጋር ይሁን፣ ባዶ ወረቀት ላይ ማንም አይፈርም። ለወረዳው አስገቡ፤ ግልባጭ ለዞኑና ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን። ቅጂውን በየትምህርት ቤቱ አታስቀምጡ፣ ሦስት ሰው ቤት ይቀመጥ።

መምህር፦ ማኅተሙ ላይ ሰዓት አስጽፉ ያሉት ለዚህም ነው?

መልስ፦ አዎ። ደግሞ ያልፈረሙ ባልደረቦች ካሉ አታስገድዷቸው።